ሰባት ጊዜ የታጠበ አሸዋ

ባሕር ሳላይ ስለ ባሕር ዳርቻ ጤንነት ጽፌ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔም ያኔ ሳለቅስ ነው የከረምኩት እንጂ አሁን ሳስበው እስቃለሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ አሰብ የእኛ ወደብ በነበረችበት ዘመን። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ስደርስ መምህሬ አንድ የጥናት ርዕስ ሰጠኝ። በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ፣ በአንዱ ቅንጣትና በሌላው ቅንጣት መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት፣ በዓይን የማይታዩ እንስሳት ይኖራሉ። ትል የሚመስሉ አሉ፣ ሸርጣን የሚመስሉ አሉ፣ ምን እንደሚመስሉ ለመናገር የሚያስቸግሩም አሉ። ዳርቻው ጤነኛ ከሆነ ዓይነታቸው ብዙ ነው። ቆሻሻ ከበዛበት ግን ስሶቹ ያልቁና ችግር የለመዱ ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ እፍኝ አሸዋ ወስዶ በውስጡ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ያየ ሰው ዳርቻው ታሞ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። ርዕሱን ሰምቼ ወደድኩት። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ፍጥረት የትልቁን ጉድ ሲያወጣ ማየት ደስ ይለኛል፤ ጠባዬም ወደዚያው ያደላል።

እቅዱ ወደ አሰብ ወርደን ከሦስት ቦታ አሸዋ ማምጣት ነበር፤ አንዱን ከወደቡ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ራቅ ብሎ፣ ሦስተኛውን ሰው ከማይደርስበት ከሩቁ ዳርቻ። ልንሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረን የትምህርት ክፍላችን መኪና ለዘመቻ ተወሰደች። መምህሬ አዘነልኝ። ከማዘን ሌላ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ሦስት ጠርሙስ መድኃኒት መስጠት ነው። መድኃኒቱ እንስሳቱ እንዳይበሰብሱ የሚያደርግ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታዩም እንዲለዩ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ነው። "እንደምንም አሸዋውን አግኚ። እስከ መስከረም ጽሑፉን ካላስረከብሽ ግን ከጓደኞችሽ ጋር አትመረቂም" አለኝ። ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልዬ ለክረምት ወደ ቤቴ ወደ ደሴ ገባሁ።

ቤታችን ሆጤ ነው። በክረምት ሆጤ ውስጥ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በሳሉ ነው፤ ጉሙ ፊት አያሳይም። እኔም በዚያ ጉም ውስጥ ተቀምጬ ስለ አሰብ አሸዋ ሳሰላስል ያዳነኝ አጎቴ ናቸው ብዬ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኮምቦልቻ ይኖራሉ፤ ከአሰብ ኮምቦልቻ ተሳቢ መኪና ይነዳሉ። እኔ ሕፃን ሳለሁ አባቴ ስለሞተ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። በደሴም በኮምቦልቻም የሚታወቁት ግን በሾፌርነታቸው ሳይሆን በአደራ ጠባቂነታቸው ነበር። አሰብ ዘመድ ያለው ሁሉ ደብዳቤውን፣ ቅመሙን፣ የእጮኛውን ፎቶግራፍ ለእሳቸው ይሰጣል። የሰጣቸውን ነገር እንደሰጣቸው ካደረሱለትማ አፈሩ ማለት ነው፤ አሳምረው ነው የሚያደርሱት። አንዲት ጎረቤታችን የላከችው ሻሽ በመንገድ አቧራ ቢነካው አጥበው፣ ተኩሰው፣ ሽቶ ነክተው አድርሰውላታል። አንድ የፒያሳ ነጋዴ እንዲጠገንለት የሰጣቸውን ሰዓት ከነአዲስ ማሰሪያው መልሰዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ መጠንቀቅ ነበረብኝ። አልተጠነቀቅሁም።

መጀመሪያ ኬላ ላይ እንዳያስቸግሯቸው የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን እያነበበ "በዓይን የማይታዩ እንስሳት" የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ጓዲት፣ በማይታይ ነገር ላይ ማህተም አልመታም።"

"በመሣሪያ ሲታይ ይታያል" አልኩት።

"እንግዲያው በመሣሪያ አይተሽ ነይ፤ እመታልሻለሁ።"

"ለማየት አሸዋው መምጣት አለበት፤ አሸዋው እንዲመጣ ደግሞ ማህተሙ ያስፈልጋል።"

ረዥም ጊዜ አሰበ። በመጨረሻ እንስሳቱን ከደብዳቤው አወጣናቸውና "ለትምህርት የሚውል ሦስት ጣሳ አሸዋ" ተብሎ ተጻፈ። አሸዋ ይታያል። ማህተሙንም ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ መታው።

አጎቴ በሚቀጥለው ጉዟቸው ሊሰናበቱን ሲመጡ ሦስት ባዶ የወተት ጣሳና ሦስቱን ጠርሙስ አስረከብኳቸው። ከየቦታው አንድ ጣሳ አሸዋ እንዲሞሉ፣ መድኃኒቱን ጨምረው ወዲያው እንዲከድኑት፣ አንዱን ከሌላው እንዳያቀላቅሉ ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ ሦስት ጊዜ ሳይሰለቹ ደገሙልኝ።

"አደራ፣ አጎቴ። ምረቃዬ በእርስዎ እጅ ነው" አልኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ። የሰው አራስ በአደራ አሳፍሬ በሰላም አግብቻለሁ፤ አሸዋ ያቅተኛል? ኢንሻአላህ ከነክብሩ ታገኚዋለሽ።"

ያ "ከነክብሩ" የሚሉት ነገር ነው ጉድ የሠራኝ።

ሲመለሱ በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ የበረሃው ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ሦስቱን ጣሳዎች ከንጹሕ ጨርቅ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ አንድ ቋጠሮ ያለው ክር የታሰረበት የወደቡ፣ ሁለት ቋጠሮ ያለው የመካከለኛው፣ ሦስት ቋጠሮ ያለው የሩቁ። ከፍቼ ሳይ አሸዋው ያብለጨልጫል። እንደዚያ ያለ ንጹሕ አሸዋ አይቼ አላውቅም። ግንባራቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ለክረምት ዝግ ቢሆንም የድሮ መምህሬ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጡኝ። ያለችው አንዲት አጉሊ መነጽር ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ እስኪያብጥ ድረስ እሷ ላይ ተደፋሁ። ከወደቡ አሸዋ ውስጥ ምንም የለም። ይጠበቃል፤ ወደብ ነው አልኩ። ከመካከለኛው ምንም የለም። ከሩቁም፣ ሰው ከማይደርስበት፣ አንዲት ትል የለችም። አገር የሚያውቀው ቀይ ባሕር አልቆለታል ብዬ ደነገጥኩ። ደብተሬን አውጥቼ "ዳርቻው በጠቅላላው ሞቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ያን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እንዴት ያለ ታላቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ቀዩ ቀለም የታለ? መድኃኒቱ የነካው ሁሉ መቅላት ነበረበት፤ አሸዋው ግን ጥርስ ይመስላል። ጠረኑም ጠፍቷል። ግራ ቢገባኝ ጣቴን አርሼ ቀመስኩት። ጨው የሚባል የለውም። የአሰብ አሸዋ ከቦርከና ወንዝ አሸዋ በምንም አይለይም ነበር።

ቤት ስደርስ አጎቴ ከኮምቦልቻ ሊጠይቁን መጥተው፣ ዘግይቶ ምሳ ቀርቦላቸው እናቴ ትኩስ ትኩሱን እያስጠጋችላቸው ነበር። ሰላምታም አላቀረብኩም።

"አጎቴ፣ አሸዋውን ምን አደረጉት?"

ፊታቸው በራ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት ነበር መሰለኝ።

"አጠብኩት ነዋ! አየሽው አይደል ጥራቱን? አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ እያንዳንዱን ሰባት ሰባት ጊዜ ነው ያጠብኩት፣ ወላሂ።"

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። አሁን አርጅቼ እንኳ ቁጣዬ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ያኔማ እሳት ነበርኩ። ምረቃዬ ታጥቦ ሲፈስ ታየኝና ቤቱን በጩኸት አናጋሁት፤ እንስሳቱ እንደጠፉ፣ ዓመቴ እንደተበላ፣ ማንም እጠቡልኝ እንዳላላቸው ተናገርኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። አላቆምኩም።

"አደራዬን በሉት!" አልኳቸው።

እናቴ እጇ ላይ ያለውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። ለሌላ ሰው ይህ ቃል የንዴት ቃል ነው፤ ለእሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የገነቡትን ስም አንድ ጊዜ መናድ ነው። አጎቴ ያልጨረሱትን ምግብ ገፋ አደረጉና ተነሱ። እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም። "ደህና ዋይ፣ እታለም" አሏት እናቴን። ለእኔ ምንም አላሉም። ጫማቸውን አጥልቀው በጉሙ ውስጥ ወጡ።

እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች።

"አደራ በላ ያልሽው አንቺን እዚህ ያደረሰሽን ሰው ነው። ሂጂና አፉ በሉኝ ብለሽ ነይ። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ገበታ አትቀርቢም።"

በማግስቱ በሐረጎ ቁልቁለት በአውቶቡስ ወረድኩ። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ከክረምት ወጥቶ በጋ ውስጥ መግባት ነው፤ ላይ ቤት የለበስኩት ካፖርት ታች ስደርስ መቀለጃ አደረገኝ። በመንገዱ ሁሉ የይቅርታ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። አምሮልኝ ነበርም። ቤታቸው ስደርስ ግን መኪናቸው በር ላይ ቆማ እሳቸው ከሥሯ ተኝተው ብሎን ይፈታሉ። የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ያማረ ንግግር ያሰማሁት ለጫማቸው ነው።

ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። ቆይቶ ከመኪናው ሥር ድምፅ መጣ።

"ወድጄ አይደለም ያጠብኩት። መናገሩ ቀፎኝ ነው ያልነገርኩሽ።"

"ምን ሆኖ ነው፣ አጎቴ?"

"ሦስቱንም ጣሳ ሞልቼ መድኃኒቱን ልጨምር ስል አሱር ሊያልፍብኝ ሆነ። ደርድሬያቸው ሰገድኩ። ሶላቴን ጨርሼ ሳሰላምት የወደቡ ውሾች መጥተዋል። አንዱ አፉን ጣሳ ውስጥ ከቶ ይልሳል። ሮጬ አባረርኩት፤ ግን የትኛውን ጣሳ እንደላሰ አላወቅሁም። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ነው የሚታጠበው፣ አንዱ በአፈር። እናትሽ ከምትሰግድበት ምንጣፍ አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ እንዴት አድርጌ እንዲያው ላምጣው? ሦስቱንም አጠብኩ።"

አንድ ብሎን አዙረው ቀጠሉ።

"የቸገረኝ በአፈር የሚለው ነው። አሸዋን በምን አፈር ነው የማጥበው? ብዙ አሰብኩ። ኋላ አሸዋው ራሱ አፈር አይደል? ራሱን በራሱ አጥቧል ብዬ አለፍኩት። አላህ ያውቃል።"

ሳቄ መጣ። በዚያ ሰዓት መሳቅ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት ስለሚሆን ከንፈሬን ነከስኩ።

"በምን ውሃ ነው ያጠቡት?"

"በያዝኩት ነዋ። ለመንገድ የያዝኩት ነበረኝ።"

ያ የተሰነጣጠቀ ከንፈራቸው ታወሰኝ። የበረሃ መጠጫቸውን ሃያ አንድ ጊዜ ለአሸዋዬ አፍስሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ በጥማት ነድተው ነው ለእኔ ስድብ የደረሱት። አሁን የምስቅበት ነገር አልቀረም፤ እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ነው ከመጽሐፌ አንድ ገጽ ድንገት ፊቴ ላይ የተገለጠው።

"አጎቴ፣ የታጠበበትን ውሃ የት ደፉት?"

ከመኪናው ሥር የሚሰማው የብሎን ድምፅ ቆመ። እንደገና ያስቀየምኳቸው መሰለኝ።

"ምነው ልጄ፣ እሱንማ እንዴት እደፋዋለሁ? ከአደራሽ የወጣ ነገር ያንቺ አይደለም? እድፉም ቢሆን ባለቤቱ ድፋው ሳይለኝ አልደፋም። በሦስት ጀሪካን ለየብቻው አድርጌ ቋጠሮውን አስሬበታለሁ። መግማት ሲጀምር ደግሞ ያን መድኃኒትሽን እዚያው ጨመርኩበት። ንጹሑ አሸዋ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መምህሬ በቤተ ሙከራ አስተምሮኝ የነበረው ዘዴ ይኸው ነው፤ አሸዋውን በሚጠጣ ውሃ አንቀሳቅሶ ውሃውን ቶሎ ማንቆርቆር፣ ደግሞ ማንቀሳቀስ፣ ደግሞ ማንቆርቆር። ጨው የሌለው ውሃ ሲነካቸው እንስሳቱ ቅንጣቱን ይለቁና ከውሃው ጋር ይወጣሉ፤ አሸዋው ይቀራል። እኔ ባዶውን ቤት ሁለት ቀን ስፈትሽ ነዋሪዎቹ ኮምቦልቻ በጀሪካን፣ መድኃኒት ተጨምሮላቸው፣ ተለይተው ተቀምጠዋል።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የአጎቴ ሚስት ወገባቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

"መጣሽ? ያን የሚገማ ቀይ ውሃሽን ልትወስጂልኝ ነው?"

"አዎ እትዬ። ሦስቱንም።"

"ሁለት ነው ያለው። ጀሪካን ቸግሮኝ አንዱን ቃሪያዬ ላይ ደፋሁት። ቃሪያዬን አይተሽዋል?"

አየሁት። ሁለት መደብ ቃሪያ አንገቱን ደፍቶ ጠውልጓል። የመካከለኛው ዳርቻ እንስሳት ከነጨዋቸውና ከነመድኃኒታቸው እዚያ ተቀብረዋል። እትዬን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ያን ቀን ይቅርታ መጠየቅ ቀሎኝ ነበር።

ምሳ ሲቀርብ አጎቴ ከመኪናው ሥር ወጥተው እጃቸውን ታጠቡና ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን በሉ። "አፉ ብያለሁ" አሉኝ። አፋቸው እንዲያ አለ እንጂ ቃሉ ከሆዳቸው እንዳልወጣ ያስታውቅ ነበር። እኔን ሳይሆን ሳህኑን እያዩ ነው የተናገሩት።

ሁለቱን ጀሪካኖች ደሴ አወጣኋቸው። ውሃው እስኪጠል ጠብቄ ከሥሩ አንድ ጠብታ ወስጄ ባይ፣ የሩቁ ዳርቻ ሠርገኛ ነበር። ቀይ ለብሶ ያልመጣ ዓይነት የለም፤ ቀጭኑ፣ ድቡልቡሉ፣ እግሩ የበዛው፣ ጭራው የተሰነጠቀው። የወደቡ ጀሪካን ውስጥ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ትል ብቻ ነው የሚታየው። "ዳርቻው በጠቅላላው ሞቷል" ያልኩትን ገጽ ቀድጄ ጣልኩና ቆጠራዬን ጀመርኩ።

ሥራዬ ሲያልቅ አጎቴ እንዲያዩት ጋበዝኳቸው። ከጁምዓ በኋላ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ መጡ። መጀመሪያ የገዛ ሽፋሽፍታቸውን አይተው "ይሄ ጥቁሩ ነው?" አሉኝ። አስተካከልኩላቸው። የሩቁን ሲያዩ ዓይናቸውን ይበልጥ አስጠጉ።

"ሱብሐነላህ! እነዚህ ሁሉ ከእኔ ጋር በጋቢናው መጡ?"

እሳቸውን ከመነጽሩ ላይ ማንሳት አቃተኝ። አንዱን ትል በሁለት ጣታቸው መጠን እያሳዩኝ ጠባዩን ሁሉ ይነግሩኝ ጀመር። ከዚያ የወደቡን አደረግኩላቸው። ብዙ አዩ።

"እዚህ ያሉት አንድ ዓይነት ናቸው። የቀሩት የት ሄዱ?"

"ሞተዋል፣ አጎቴ።"

"ምን ገደላቸው?"

ፈተና ላይ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ ፊታቸውን ሳላይ ዘረገፍኩት።

"ዘይት ይመስለኛል። መኪናቸውን ዳርቻው ላይ እያቆሙ የተቃጠለ ዘይት አሸዋው ላይ የሚደፉ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም።"

ቀና አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው።

"እኔ ነኛ" አሉ። "እኔና ባልደረቦቼ። ይህን ያህል ዘመን ስመላለስ ዘይት የምቀይረው እዚያ ነው። አሸዋ ይመጠዋል፤ ምልክት አይተውም። ደስ ይለኝ ነበር።"

መነጽሩን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉና በቀስታ፣ ያለ ምንም ቁጣ ተናገሩ።

"ያን ቀን ያልሽኝ ልክ ነበር፣ ልጄ። በልቻለሁ። የማን አደራ እንደሆነ ብቻ ነው የሳትሽው።"

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ እንዲያውም "ተይ እንጂ፣ መሣሪያው ላይ እንዳይንጠባጠብ" አሉኝ።

ጽሑፌን በጊዜው አስረከብኩ። መምህሬ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ። የመካከለኛው ቦታ ናሙና የት ደረሰ ሲለኝ ቃሪያ ላይ ፈሰሰ አልኩት። አሸዋው ለምን ሰባት ጊዜ ታጠበ ሲለኝ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚታጠበው አልኩት። አየት አደረገኝና አለፈው። ከጓደኞቼ ጋር ተመረቅሁ፤ አጎቴም ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ እሳቸው አሰብ ላይ ዘይት ሲቀይሩ የተቃጠለውን በዚያ ሦስት ቋጠሮ ባለው ጀሪካን አጠራቅመው፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ያመጡት ጀመር። ባልደረቦቻቸው ሳቁባቸው። ኬላ ላይ ያስቆሟቸዋል፤ ሌላው ሰው ጥሩ ዘይት ሲደብቅ እሳቸው የተበላሸ ዘይት ይዘው ይገኛሉ። ፈታሾቹ "እዚያው አይደፉትም ነበር?" ሲሏቸው "አደራ አለብኝ" ይላሉ።

"የማን አደራ?" ሲባሉ ግን ዝም ነው። እሱን ከተናገሩማ ደብዳቤ ሊጠየቁ ነው፤ በማይታይ ነገር ላይ ደግሞ ማህተም የሚመታ የለም።